ጣና የእኛ በረሃ ነው

ዛሬ ስለ ኮከብ ላወጋችሁ ነው።

የሌሊት ሰማይን ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ወደ በረሃ የሚሄዱት ለምን ይመስላችኋል? በረሃ አየሩ ደረቅ፣ ደመናው ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ ግን የከተማ መብራት የለም። የአገራችን የደናክል በረሃ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። መብራት በበዛበት ሰማዩ ስለሚነጣ ደካማ ኮከቦች ይጠፋሉ። በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ሁለት ትልልቅ ቴሌስኮፖች አሉ። የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር ነው። ችግሩ ከሥራቸው አዲስ አበባ ታበራለች። ስለዚህ ባለሙያዎች በላሊበላ አካባቢ ያሉትንም ከፍተኛ ተራሮች አጥንተዋል።

እኛስ? በረሃ ባይኖረን ጣና አለን! ባሕር ዳር ያለችው በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ነው። ወደ ሰሜን ስንዞር ከተማው ከጀርባችን፣ ውሃው ከፊታችን ይሆናል። ውሃ ላይ ደግሞ የመንገድ መብራት አይተከልም።

የሰሜን ኮከብን እንዲህ ፈልጉ፦

1. በኅዳር ወር ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ምረጡ። ክረምት ላይ ደመናው አያሳይም።

2. ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን እዩ። የተገለበጠ «ሠ» የሚመስሉ አምስት ኮከቦች አሉ። ስማቸው ካሲዮፒያ ነው። በግሪኮች ተረት ካሲዮፒያ የኢትዮጵያ ንግሥት ነበረች።

3. ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እጃችሁን ጨብጡ። አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ከካሲዮፒያ ሦስት ጭብጥ ወደ ታች ውረዱ። እዚያ ለብቻው ያለው የሰሜን ኮከብ ነው። ከሐይቁ በላይ አንድ ጭብጥ ከምናምን ከፍ ይላል።

ይሄ ከፍታ እንዲያው የመጣ አይደለም። የሰሜን ኮከብ ከፍታ ከቆማችሁበት ቦታ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የባሕር ዳር ኬክሮስ 11.6 ዲግሪ ሰሜን ነው። በቃ፣ በጭብጣችሁ ካርታ ለካችሁ ማለት ነው!

ፎቶ ለማንሳት ስልኩን በእጅ አትያዙ፤ ድንጋይ ላይ አስደግፉት። የሌሊት ማንሻ ካለው 20 ሰከንድ ያህል ብርሃን እንዲሰበስብ አድርጉ። ካሜራ አንድ ሰዓት ሙሉ ክፍት ቢቆይ ግን ኮከቦቹ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ የተጠማዘዘ መስመር ይሆናሉ። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ነው። የሰሜን ኮከብ ብቻ ከቦታው ንቅንቅ የሚል አይመስልም።

ማሳሰቢያ፦ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው በሌሊት ነው። ያለ ትልቅ ሰው እንዳትሄዱ፤ ከውሃውም ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

በግንቦት ምሽት ደግሞ የደቡብ መስቀል የተባሉ ኮከቦች በደቡብ በኩል ይወጣሉ። የአውሮፓ ልጆች ከአገራቸው ሆነው አያዩአቸውም። እኛ ግን ሁለቱንም እናያለን። የሚያሳዝነው፣ የደቡብ መስቀል የሚወጣው በከተማው በኩል ስለሆነ በመብራቱ ይደበዝዛል። እኔ መብራት ይጥፋ አልልም፤ እናቶቻችንና እህቶቻችን ሲመሹ መንገዱ ሊበራላቸው ይገባል። ነገር ግን አምፖሉ ከላይ ክዳን ኖሮት ወደ መሬት ቢያበራ ለመንገደኛም ለሰማይም ይበጃል። ከየቤታችን የበረንዳ አምፖል እንጀምር።

ጥያቄ፦ የሰሜን ኮከብ ከፍ ብሎ የሚታየው ከጎንደር ነው ወይስ ከባሕር ዳር? ለምን? መልሳችሁን በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ቸር ያገናኘን!