ጀርባው ላይ እብጠት ይዞ ለተወለደ ሕፃን

በዚህ እትም የጤና ዓምዳችን የምናነሳው ስፓይና ቢፊዳ ስለሚባለው የኅብለ ሰረሰር ክፍተት ነው። የጤና ተማሪ ያልሆናችሁም አትዝለሉት፤ በአገራችን በብዛት ከሚታዩ የአፈጣጠር ችግሮች አንዱ ስለሆነ ነገ በዘመድ ቤት ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

ጽንሱ 28 ቀን ገደማ እስኪሆነው ድረስ ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ መዘጋት አለበት። ክፍት ሲቀር፣ በከባዱ ዓይነት ሕፃኑ ነርቭ የያዘና ስስ ሽፋን ያለው እብጠት ወገቡ ላይ ይዞ ይወለዳል። እርግማን አይደለም፤ እናትየዋንም መውቀስ ተገቢ አይደለም።

አልትራሳውንድ ቀድሞ ካሳየ ወሊዱ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለው ሆስፒታል ይሁን። ሁሉም በኦፕራሲዮን መወለድ አለበት ማለት ግን አይደለም። ጭንቅላቱ በጣም ከተለቀ ወይም በመቀመጫው ከመጣ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ኦፕራሲዮንን ይመርጣሉ።

ከወሊድ በኋላ ያሉት ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። ሕፃኑ በጀርባው አይተኛም፤ በሆዱ ወይም በጎኑ ነው። እብጠቱ ለብ ባለ ኖርማል ሳላይን በራሰ ስቴራይል ጎዝ ይሸፈናል፣ በላዩ ንጹሕ ፕላስቲክ ይደረጋል። አልኮል፣ አዮዲን፣ ቅቤ፣ ቅጠል፣ ምንም አይቀባም። ሰገራ እንዳይነካውም መጠንቀቅ ነው። እነዚህ ልጆች በላቴክስ አለርጂ በቀላሉ ስለሚያዙ ሌላ ጓንት ካለ እሱ ይመረጣል።

ጥድፊያው ለምንድን ነው? ሽፋኑ ከተቀደደ ኢንፌክሽን እስከ አንጎል ይደርሳል። እብጠቱ ቢቻል ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ በቀዶ ሕክምና መዘጋት አለበት። ቀዶ ሕክምናው የተጎዳውን ነርቭ አይመልስም፤ የቀረውን ግን ይጠብቃል። ከቢጠናም ሆነ ከሌላ የወላይታ ቀበሌ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሶዶ ነው። ሪፈራሉ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ ዘውዲቱ ወይም ጥቁር አንበሳ፣ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጎዙ መንገድ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ከነርሷ ተጨማሪ ሳላይንና ጎዝ ጠይቃችሁ ያዙ። እናት ልጇን ደረቷ ላይ በሆዱ አስተኝታ ብትይዘው ይሞቃል።

አዛን አምቡላንስ ውስጥም ይባላል። ተምር ማቅመሱ (ተሕኒክ) ግን ለቀዶ ሕክምና በሚዘጋጅ ሕፃን ላይ ሐኪም ሳይጠየቅ ባይደረግ ይሻላል። ለዐቂቃ ተብሎም ሰባት ቀን ቤት አይቆይ፤ ለ14ኛው ወይም ለ21ኛው ቀን ማቆየትን የፈቀዱ ዑለሞች አሉ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ጭንቅላቱ በፍጥነት ካደገ፣ ካስመለሰው ወይም ዓይኑ ወደ ታች ካዘነበለ አንጎሉ ውስጥ ውኃ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይመለስ።

ኒካሕ ያሰባችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው የፎሊክ አሲድ ኪኒን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ቱቦው ከተዘጋ በኋላ ነው። በቀን 0.4 ሚሊግራም፣ ቢያንስ ከመጸነስ አንድ ወር በፊት ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ይወሰዳል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እህት መጠኑ ከዚህ ስለሚበልጥ ሐኪም ታማክር።