ስለ ስልክ ውልና ስለ ማፍረሻው ገደብ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሰው መሬት ሲያከራይ፣ ቤት ሲሸጥ ወይም ብር ሲያበድር በሚጻፈው ውል መጨረሻ ላይ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለች። ይህችም ቃል ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ይህን ያህል ብር ገደብ ከፍሎ ውሉ በሕግ ፊት የጸና ይሆናል የምትል ናት። ራፖር ጸሐፊው ሳይጠየቅ ይጽፋታል፤ ተዋዋዮቹም ሳይመረምሩ ይፈርሙባታል። ነገር እስኪመጣ ድረስ ይህች ቃል ማንንም አታስቸግርም። ነገር በመጣ ጊዜ ግን በሬ ታሸጣለች።

ይህችው ቃል ዛሬ በስልክ ውል ውስጥ ገብታ ትገኛለች። በአገራችን አብዛኛው ሰው በቅድመ ክፍያ፣ ማለት ካርድ እየሞላ ስለሚጠቀም ጊዜ የተወሰነበት ውል የለውም፤ የሚከፍለውም ገደብ የለም። ነገሩ የሚመጣው ስልኩን በዱቤ ወስዶ ለተወሰኑ ወራት በደንበኝነት ለመቆየት በፈረመ ሰው ላይ ነው። በውጭ አገር ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ በአብዛኛው የሚዋዋሉት በዚሁ ዓይነት ነው። እኛም ጉዳዩን እንድንመረምር ያስገደደን ከመካከላችን በአንዱ ላይ የደረሰው ነገር ነው።

ይህ ጓደኛችን የታች ጋይንት ልጅ ሲሆን፣ አገሩ ከአርብ ገበያ ወደ ቆላው የሚወስደውን መንገድ ግማሽ ቀን ከተጓዙ በኋላ ይገኛል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ ስልክ በ24 ወር ውል ወሰደ። በየወሩ 800 ብር ይከፍላል፤ ከዚህም ውስጥ 500 ብሩ የስልኩ ዋጋ፣ 300 ብሩ የአገልግሎቱ ነው። ውሉን ከጊዜው በፊት ቢያቋርጥ ደግሞ 6,000 ብር ይከፍላል። ዋስ የሆኑት አባቱ ናቸው። 18 ወር ሳያጓድል ከፈለ። ከዚያ በኋላ ታላቅ ወንድሙ በመታመሙ ትምህርቱን አቋርጦ አገሩ ገባ፤ በዚያም ጋራው ላይ ካልወጡ በቀር ኔትወርክ የለም። ውሉ ይቋረጥልኝ ብሎ ጻፈ። መልሱ ግን ለእርሱ ሳይሆን ለዋሱ ደረሰ፤ እርሱም 10,800 ብር በአስቸኳይ እንዲከፈል የሚያዝ ነበር። አባትየው ወረቀቱን በመምህር አስነብበው በስልክ የላኩብን ቃል ይህ ነበር፤ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። አንዱን በሬ ሽጬ ልገላገል ወይስ የምትሉኝ አለ?»

እኛ የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች እንጂ የሕግ ሰዎች አይደለንም። ሆኖም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ነውና ከቤተ መጻሕፍት አውጥተን አነበብነው። ይህ ሕግ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ ተረቆ በ1952 ዓ.ም. የታወጀ፣ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ስለ ውል የተጻፈው ክፍሉ እስከ ዛሬ ይሠራል። ያገኘነውንም እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ውል ሕግ ነው። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ተዋዋዮቹን እንደ ሕግ ያስገድዳቸዋል ይላል። ስለዚህ «ፈርሜ ነበር፣ ግን አልከፍልም» ማለት መከራከሪያ አይሆንም።

ሁለተኛ፤ ገደብ የተፈቀደ ነገር ነው። ቁጥር 1889 ተዋዋዮች ውሉ ያልተፈጸመ እንደሆነ የሚከፈለውን ኪሣራ አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። አብዛኛው ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እኔ በመውጣቴ ኩባንያው ምን ጉዳት ደረሰበት?» ብሎ ይሟገታል። ይህ ክርክር አያዋጣም፤ ቁጥር 1892 ጉዳት ባይደርስም እንኳ ገደቡ ይከፈላል ይላልና።

ሦስተኛ፤ ገደብና ፍጻሜ በአንድነት አይጠየቁም። በቁጥር 1890 መሠረት፣ ገደቡ ለመዘግየት ወይም ለተጨማሪ ግዴታ የተወሰነ ካልሆነ በቀር፣ ባለገንዘቡ ውሉም ይፈጸምልኝ፣ ገደቡም ይከፈለኝ ሊል አይችልም። ወደ ጓደኛችን ደብዳቤ ስንመለስ 10,800 ብሩ ሦስት ነገር ሆኖ አገኘነው፤ የቀሪው ስድስት ወር የስልክ ዋጋ 3,000 ብር፣ የቀሪው ስድስት ወር የአገልግሎት ዋጋ 1,800 ብር፣ ገደቡ 6,000 ብር። እንግዲህ ለማይሰጠው አገልግሎት 1,800 ብር እየጠየቀ፣ አገልግሎቱ ስለ ተቋረጠ ደግሞ ገደብ መጠየቁ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው።

አራተኛ፤ የተፈጸመው ይቈጠራል። ይህ የጽሑፋችን ዋና ነገር ነው። ቁጥር 1893 ፍርድ ቤት ገደቡን ሊቀንስ የሚችለው ውሉ በከፊል ተፈጽሞ እንደሆነ ብቻ ነው ይላል። ከ24 ወር 18ቱን የከፈለ ሰው የውሉን ሦስት አራተኛ ፈጽሟል። በመጀመሪያው ወር ከወጣ ሰው ጋር እኩል ገደብ ቢጠየቅ፣ ያ 18 ወር ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ሕጉ የቅነሳውን መጠን በቁጥር አልወሰነም፤ ሚዛኑ የዳኛው ነው። በወሩ ልክ ቢሰላ ግን 6,000 ብሩ 1,500 ብር ይሆናል።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ለዓመት የተቀጠረ እረኛ በዘጠነኛው ወር ቢወጣና ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ወር ጠበቀ?» የሚለው ነው። እረኛው ቃሉን በማፍረሱ ይወቀሳል፤ ዘጠኝ ወር ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ድካሙ ግን እንዳልነበረ አይቈጠርም።

አምስተኛ፤ አጠራጣሪ ቃል በጻፈው ላይ ይተረጐማል። ቁጥር 1686 አንዱ ወገን ብቻ ያዘጋጀው ጠቅላላ የንግድ ሁኔታ ሌላውን የሚያስገድደው ይህ ሰው ዐውቆ የተቀበለው እንደሆነ ወይም በመንግሥት ባለሥልጣን የታዘዘ ወይም የጸደቀ እንደሆነ ነው ይላል። ቁጥር 1738 ደግሞ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሲያጠራጥር ላላዘጋጀው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጐም ይላል። ስለ ዋሱም ቢሆን፣ በቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ካልተገለጸበት አይጸናም። አባትየው በፈረሙት ወረቀት ላይ ይህ ቦታ ባዶ ነበር።

የኩባንያውንም ቃል መስማት ተገቢ ነው። ስልኩን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ሰጥቷል፤ ዋጋውንም ያሰላው ደንበኛው ሁለት ዓመት ይቆያል ብሎ ነው። ሁሉም ስልኩን እየያዘ ቢወጣ ከእንግዲህ ለድኻ ተማሪ በዱቤ የሚሰጥ አይገኝም። ስለዚህ 3,000 ብሩ እውነተኛ ዕዳ ነው፤ ጓደኛችንም ሊከራከርበት አልፈለገም። ወደ ቆላ መግባቱም የራሱ ጉዳይ እንጂ ሕጉ ከዐቅም በላይ የሚለው ኀይል አይደለም።

አገልግሎቱ ራሱ ሲቋረጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቶ ነበር። በቁጥር 1793 የመንግሥት ክልከላ ከዐቅም በላይ ከሚባሉት አንዱ ነውና ኩባንያ በዚህ ምክንያት ላልሰጠው አገልግሎት ካሣ አይጠየቅ ይሆናል። ነገር ግን በቁጥር 1757 የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ወገን ሌላውን ፈጽም ሊለው አይችልም። ስለዚህ በዚያን ጊዜ የኢንተርኔት ዋጋ የተጠየቀ ሰው የሚከራከርበት ነገር የነበረው ይመስለናል።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ ጥያቄ ላይ ደክመዋል። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ባወጣው ሕግ የደንበኛን የመጀመሪያ ውል ከ24 ወር እንዳይበልጥ ወሰነ። ደንበኛው በሕጉ መሠረት አስቀድሞ የመውጣት መብት ሲያገኝም በእጁ ስለሚያስቀረው ስልክ የሚከፍለው ከቀሪው ዋጋ ወይም ከቀሪው የአገልግሎት ክፍያ ከሚያንሰው አይበልጥም። በጀርመን አገር ደግሞ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የመጀመሪያው የውል ጊዜ ካለፈ በኋላ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መውጣት ይቻላል። በዚያ አገር ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ቢነግረው መልካም ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ምን ያድርግ? አይደንግጥ፤ ዝምም አይበል። የፈረመበትን ውል ግልባጭ ይጠይቅ። የተጠየቀውን ገንዘብ በየዓይነቱ ከፋፍሎ፣ ከየትኛው የውል ቃል እንደ መጣ እንዲገለጽለት በጽሑፍ ያመልክት። እውነተኛ ዕዳውን ለይቶ ይመንና ለመክፈል ይዘጋጅ፤ በቀረው ላይ ቁጥሩን ጠቅሶ ይከራከር። ደረሰኙን ሁሉ ያስቀምጥ፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ተብሏልና። ኩባንያው ካልሰማው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤት ይበል። የመጨረሻው በር ፍርድ ቤት ነው።

ጓደኛችንም በዚሁ መንገድ ጻፈ፤ ደብዳቤውን አራት ሆነን አረምንለት። ኩባንያው 1,800 ብሩን ሰረዘ። 3,000 ብሩን በሦስት ጊዜ እንዲከፍል ተስማማ። ስለ 6,000 ብሩ ግን ክርክሩ ገና አላለቀም፤ እኛም በሙሉ እናሸንፋለን ብለን አንመካም።

በሬው ግን አልተሸጠም። ለአባትየው የመለስንላቸው ቃል አጭር ነበር፤ «አባታችን፣ ያለብዎትን እንከፍላለን፤ የሌለብዎትን ግን በሬዎ አይክፈል።» እኛ በአዳራሽ ውስጥ ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ ብዙ እንናገራለን። የአንድን ገበሬ ደብዳቤ አንብበን ዕዳውን ከማስፈራሪያው ለይተን ካልነገርነው ግን፣ ያ ሁሉ ንግግር ለእርሱ ራፖር ጸሐፊው ሳይጠየቅ እንደሚጽፋት እንደዚያች የመጨረሻ ቃል ይሆንበታል።