ሙዚየም ስትገቡ እንደ ባለቤት ግቡ

ከጎጃሟ አማኑኤል ከተማ እስከ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደብረ ማርቆስንና ደጀንን አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ለሕክምና፣ ለሰርግ ወይም ለልጅ ምርቃት የሚሄደው ወገናችን ብዙ ነው። ጉዳዩን እንደ ጨረሰ ግን በማግስቱ መናኸሪያ ይገኛል። ስድስት ኪሎን በታክሲ መስኮት ያያታል፣ በቃ። "ሙዚየም የፈረንጅ መዋያ ነው" የሚል ነገር በውስጣችን ተቀምጧል። ዛሬውኑ አስወጡት!

ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ግቢውን ለዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም ዛሬ ድረስ ይጎበኛል። መሰንቆና በገናው፣ መስቀሉና የቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ እዚያ ተደርድሯል። ሌላው ጎብኚ ጽሑፍ እያነበበ የሚረዳውን እናንተ ኖራችሁበታል። ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ደግሞ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ከልጅነታችሁ ጀምሮ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ስታዩ ያደጋችሁ ናችሁ። ታዲያ ማን ማንን ያፍራል? ደጃፉ ላይ ጣሊያን የፋሺስት አገዛዙን ዘመን ሊቆጥርበት ያቆመው ደረጃ አለ። ከድል በኋላ አናቱ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። እኔ እንዲህ ያለውን ቀልድ እወዳለሁ፤ ከማፍረሱ ይልቅ አንበሳው ይበልጥ ያናድዳል።

በዚያው አካባቢ በሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። እዚያ "ይኼ ደግሞ ምኑ ነው?" ብላችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። አትቸኩሉ። ምን እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ቀለሙን እዩ፤ ቆም በሉ፤ ራቅ ብላችሁም ተመልከቱ። የሐረሩ ተወላጅ ገብረ ክርስቶስ ጀርመን ተምሮ የመጣ፣ በስደት አሜሪካ ያረፈ ሰው ነው። ሥዕሎቹ ከባሕር ማዶ ተመልሰው ሊጠብቋችሁ ከቻሉ ሩብ ሰዓት አትንፈጓቸው።

ድንቅነሽ የምትገኝበት ብሔራዊ ሙዚየምም ሩቅ አይደለም። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ለሆናት እመቤት ሰላምታ ማቅረብ ወግ ነው።

ለጎጃም ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ፒያሳን ነው። በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም እዚያ ነው። ስትገቡ የደብረ ማርቆሱን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በልባችሁ ይዛችሁ ግቡ። በግንቦት 1874 እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፤ ተማረኩም። 14 ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 የጎጃምን ጦር ይዘው ዓድዋ ላይ ከዚያው ከማረካቸው ሰው ጎን ተሰለፉ። ተሸንፎ መነሣትን፣ ቂምን ለትልቅ ጉዳይ መተውን የምታስተምር ከዚህ የበለጠች ታሪክ የት ታገኛላችሁ? ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው። አስጎብኚውንም ጠይቁት፤ ጥያቄ ያለው እንግዳ ሲመጣለት ደስ ይለዋል።

ሁሉንም በአንድ ቀን እንይ አትበሉ። እግር ሲደክም ዓይንም አያይም። ለአንድ ጉዞ አንድ ሙዚየም፣ ከዚያም ውስጥ በደንብ ያያችኋቸው ሁለት ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። ስልካችሁንም ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት፤ መጀመሪያ ዓይን ይጥገብ።

መንገዳችሁ ወደ ባሕር ዳር ከሆነ ደግሞ ሰበብ የላችሁም። በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደሷ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ ነው፣ የጥንት ቅርሶቿንም ታሳያለች። እዚያው ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ግን ሴት አይገባበትም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ኡራን አስቀድሙ።