ስለ ማዝ በሽታ ልዩ ልዩ ዘሮችና ስለ ክትባታቸው

በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር ማዝ የሚባለውን የከብት በሽታ የማያውቅ ሰው የለም። ከብቱ ለሐጩ ይዝረበረባል፤ ምላሱና ድዱ፥ የሰኮናውም መካከል ውኃ እየቋጠረ ይላጣል። ትልቁን ከብት ብዙ ጊዜ አይገድለውም፤ ጥጃን ግን ልቡን መትቶ በድንገት ይጥለዋል። ስለዚህ አንዳንድ ሹም «ያልፋል» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን በሐምሌ፥ ጤፍ በሚዘራበት ጊዜ፥ ጥማድ በሬ ያነከሰበት ገበሬ የሚያጣው የዓመት እህሉን ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነገር ነው። ከብቱ ከተከተበ በኋላ ማዝ በገባ ጊዜ ገበሬው መርፌውን ይጠላል፤ በሚመጣውም ዓመት ከብቱን አያወጣም። ይህ ስለ ምን እንደሚሆን ሹማምንት ሊያውቁት ይገባል።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከውጭ አገር በመጡ ከብቶች የገባው የደስታ በሽታ አገሩን በሬ አሳጥቶ፥ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ አመጣ። ይህን ያህል የከፋው በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከደስታ ነጻ መሆኗ ታወቀ፤ በ2003 ዓ.ም. ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የደስታ ቫይረስ በትውልዱ ሦስት ነገድ ነበረ፤ ቢሆንም የከብቱ ደም የሚለየው የላይኛው መልኩ አንድ ስለ ሆነ፥ እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ያዘጋጁት አንዱ ክትባት ሦስቱንም ከለከለ።

ማዝ ግን እንዲህ አይደለም። የማዝ ቫይረስ የዘሩ ጽሕፈት 8,400 ያህል ፊደል ነው። ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ ከጻፈ በኋላ ከእናቱ ብራና ጋር አስተያይቶ ይፍቃል፥ ያርማል። ማዝ ራሱን ሲገለብጥ ግን የሚያርም የለውም፤ ግድፈቱ ከግልባጭ ወደ ግልባጭ ይተላለፋል። ብዙው ግድፈት ከንቱ ሆኖ ይጠፋል። አንዳንዱ ግን በውጭ ልብሱ ላይ ይወድቅና መልኩን ይለውጠዋል፤ ትናንት ያወቀው የከብት ደምም ዛሬ አያውቀውም።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1922 ቫሌና ካሬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት፥ ከአንዱ ዓይነት የዳነ ከብት በሌላው እንደገና እንደሚታመም ገለጡ። ዛሬ የታወቁት ዓይነቶች ሰባት ናቸው፤ ኦ፥ ኤ፥ ሲ፥ ሳት 1፥ ሳት 2፥ ሳት 3ና እስያ 1 ይባላሉ። ከነዚህም ኦ፥ ኤ፥ ሲ፥ ሳት 1ና ሳት 2 በኢትዮጵያ ተገኝተዋል። ሲ የተባለው ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም አልታየም፤ በአገራችን አብዝቶ የሚገኘው ኦ ነው። እርሱም ደግሞ ምሥራቅ አፍሪቃ 3ና ምሥራቅ አፍሪቃ 4 በሚባሉ ነገዶች ይከፈላል። በአንዱ ዓይነት ውስጥ እንኳ ነገዱ እጅግ ከራቀ የክትባቱ ኃይል ይቀንሳል።

እንግዲህ ለኦ የተሠራ ክትባት ሳት 2ን አይከለክልም። በቢሾፍቱ ያለው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ኦን፥ ኤንና ሳት 2ን የሚመለከት ክትባት የሚሠራው ስለዚህ ነው። ይህም ቢሆን የሚጠብቀው ከአራት እስከ ስድስት ወር ያህል ብቻ ነው፤ እንደ ደስታ ክትባት አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚረሳ አይደለም። ለገበሬው አስቀድሞ ይህን መንገር ያስፈልጋል፤ ያልተባለውን ተስፋ ካደረገ በኋላ ማስረዳት ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ማዝ በአንድ ቀበሌ በታየ ጊዜ ከሁሉ በፊት ዓይነቱን ማስመርመር ነው። ውኃ የቋጠረው ገና እንደ ፈረጠ፥ የከብቱ ሐኪም ከምላሱ ወይም ከድዱ የተላጠውን ቆዳ አንድ ግራም ያህል ወስዶ፥ ግሊሰሪንና ፎስፌት በተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ ይጨምረዋል። ቁራጩን ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ከነካው ቫይረሱ ይሞታልና ምርመራው ከንቱ ይሆናል፤ የከብቱን አፍ በነዚህ የሚያጥብ ቢኖር ቁራጩ እስኪወሰድ ይቈይ። ከዚያም በበረዶ ቀዝቅዞ ወደ ባሕር ዳር ላቦራቶሪ፥ ከዚያም ወደ ሰበታ ይላካል።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ የታመመው መንጋ ከወል ግጦሽና ከወል ውኃ ተለይቶ ይቆይ፤ ወደ ቡሬም ሆነ ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ ከብት አይነዳ። ለሚላከውም ቁራጭ የቀበሌው ስም፥ ከብቱ የታመመበት ቀንና መጨረሻ የተከተበበት ወር በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይሂድ።