ምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ሲገዙ የመሳብ አቅሙን ያስቀድሙ

ጥያቄ፦ ዱባይ በጽዳት ሥራ ቆይቼ ወደ አገሬ ተመልሻለሁ። አሁን አዲስ አበባ፣ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም አካባቢ ቤት ለቤት እየዞርኩ ምንጣፍና ሶፋ ማጠብ ልጀምር ነው። ሦስት ምርጫ አለኝ። አንዱ በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን ነው። ሁለተኛው እህቴ ከአሜሪካ ልትልክልኝ ያሰበችው፣ በእጅ የሚንጠለጠል ትንሽ ማሽን ነው። ሦስተኛው ውሃ ረጭቶ መልሶ የሚስብ ነው፤ ዋጋው ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ከአንድ ማሽን አያልፍም። የትኛውን ልግዛ?
አንባቢያችሁ፣ ከሰሚት

መልስ፦ እንኳን ለአገርዎ አበቃዎት። ሦስተኛውን ይግዙ። ምንጣፍ የሚጸዳው ቆሻሻው ከውሃው ጋር ተስቦ ሲወጣ ነው፤ ከሦስቱ ማሽኖችዎ ይህን በአግባቡ የሚሠራው እሱ ነው።

የእንፋሎት ማሽን ቆሻሻውን ያላቅቃል እንጂ አይሰበስብም። የተላቀቀው እድፍ ወደ ምንጣፉ ሥር ይሰርግና ሲደርቅ ተመልሶ ብቅ ይላል። ሙቀቱ ደግሞ ሱፍ ያኮማትራል፤ የአንዳንዱን ምንጣፍ የጀርባ ማጣበቂያም ያስለቅቃል። ለሴራሚክና ለወጥ ቤት ግድግዳ ግን ጥሩ መሣሪያ ነው።

የእህትዎ ስጦታ ችግሩ መብራቱ ላይ ነው። የአሜሪካ ማሽን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። በቀጥታ ከሰኩት ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቢገዙለት እንኳ ከቤት ቤት የሚሸከሙት ሌላ ዕቃ ይሆንብዎታል፤ የመስመሩ ድግግሞሽም ከ60 ኸርዝ ወደ 50 ስለሚወርድ አንዳንዱ ሞተር ይግላል። ከዚያም በላይ የእነዚህ ማሽኖች ታንክ ብዙ ጊዜ ከ2 ሊትር አይበልጥም። ሶፋ ላይ የፈሰሰ ቡና ለማንሳት ይበቃል፤ 2 በ3 ሜትር የሆነ ምንጣፍ ግን ሲሞሉና ሲደፉ ያውልዎታል።

ወደ ሦስተኛው እንምጣ። ለእርስዎ ሥራ ከ8 እስከ 10 ሊትር የሚይዝ ታንክ ይበቃል። ለመለኪያ ያህል፣ ካርቸር ፑዚ 10/1 የተባለው የጀርመን ማሽን 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይይዛል፤ የሚስበው ሞተሩም 1250 ዋት ነው። ከዚህ በጣም የሚተልቀውን ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ማውጣት ጉልበት ይጨርሳል። ታንኩ ይህን ያህል ከሆነ፣ ውሃ በጠፋ ቀንም በጄሪካን ይዘው የሄዱት ውሃ ያሠራዎታል። ውሃ ማሞቂያ የተገጠመለትን አይምረጡ፤ የቤቱ እመቤት ምጣድ ጥዳ እንጀራ እየጋገረች ከሆነ ብሬከሩ ይወርድብዎታል። ማሽኑ ከሚፈቅደው ሙቀት ሳያልፉ ለብ ያለ ውሃ ቢሞሉበት ይበቃል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ያስነሱትና ይፈትኑት። 3 ሊትር ውሃ ለክተው ምንጣፍ ላይ ይርጩ፤ ከዚያ መልሰው ይሳቡና ከቆሻሻው ታንክ የወጣውን ይለኩ። ሁለት ማሽን ካለ ብዙ ውሃ የመለሰውን ይያዙ። ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው በእግርዎ ይጫኑት፤ ጨርቁ ከራሰ የመሳብ አቅሙ ደካማ ነው። የሶፋ መሳቢያው አፍ ውስጡ የሚታይ ቢሆን ይመረጣል፤ የሚወጣው ውሃ መጥራቱን እያዩ ይሠራሉ። የሞተር ካርቦን፣ ጎሚኒና ቱቦ እዚሁ መገኘቱንም ይጠይቁ። መለዋወጫ የሌለው ማሽን አንድ ቀን ሲቆም ሥራዎም አብሮት ይቆማል።

አጠቃቀሙም የማሽኑን ያህል ዋጋ አለው። ምንጣፍ ውስጥ ካለው ቆሻሻ አብዛኛው ደረቅ አቧራ ነው፤ ሳይረጥብ በደረቅ ቫኪዩም ይውጣ። አቧራው ከራሰ ጭቃ ይሆናል። የዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፤ አረፋው ወደ ሞተሩ ይገባል፣ ምንጣፉ ላይ የሚቀረው ሳሙናም አዲስ አቧራ ይስባል። አረፋው አነስተኛ የሆነ፣ ለዚሁ ማሽን የተዘጋጀ ፈሳሽ ይግዙ። እንደ መንዝ ምንጣፍ ያለ በእጅ የተሠራ የሱፍ ምንጣፍ ሲገጥምዎ መጀመሪያ አንዷን ጥግ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ያሹ። ቀለሙ ጨርቁን ከነካ ሥራውን አይቀበሉ። ካልነካ በቀዝቃዛ ውሃና ለሱፍ በተዘጋጀ ሳሙና ይሥሩ። በማናቸውም ምንጣፍ ላይ አንዴ እየረጩ ከሳቡ በኋላ፣ ሳይረጩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳቡ።

ምንጣፍ ከአንድ ቀን በላይ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ይሸታል፤ ሻጋታም ያበቅላል። ስለዚህ በክረምት ሥራዎን ማለዳ ይጀምሩ፤ መስኮት አስከፍተው በቬንትሌተር ያናፍሱት። ከመሄድዎ በፊትም እስኪደርቅ ማንም እንዳይረግጠው ለባለቤቱ ይንገሩ።

እህትዎ ልትረዳዎት ካሰበች ማሽኑን ትተው፣ ለሦስተኛው ማሽን የጎደለውን ገንዘብ እንድትሞላልዎ ይጠይቋት። የሚተርፍ ካለ ቬንትሌተር ይግዙበት። የመጀመሪያ ሥራዎ የራስዎ ምንጣፍ ይሁን፤ በስንት ሰዓት እንደሚደርቅ ካወቁ ለደንበኛ የሚሰጡት ቀጠሮ የታመነ ይሆናል። መልካም ሥራ ይሁንልዎ።