መድኃኒትን በጽናት ስለ መውሰድና ስለ ሕሙማን ኑሮ

ሰው ከነፍስና ከሥጋ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ የሥጋው ደዌ ነፍሱን ያስጨንቃታል፤ የነፍሱም ሐዘን ሥጋውን ያደክመዋል። ይህ በደዌ ሁሉ የሚታይ ቢሆንም ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ባለበት ሰው ላይ ጎልቶ ይታያል። የዚህ ሰው ዕድሜ የሚረዝመው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሲወስድ ነውና፤ ሳያቋርጥ ለመውሰድም ኑሮው፣ ልቡናውና ጎረቤቱ ሊያግዙት ያስፈልጋል።

አስቀድመን የመድኃኒቱን ሥራ እንመልከት። ቫይረሱ ሰውነትን ከበሽታ ወደሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ገብቶ በእነርሱ ውስጥ ይባዛል፤ ሕዋሳቱም ሲያልቁ የሳንባ ነቀርሳና ሌሎች ደዌያት ይሠለጥናሉ። መድኃኒቱ መባዛቱን ይከለክላል እንጂ ቫይረሱን ከሥሩ ነቅሎ አያወጣውም፤ በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ እንደ ተኛ ይቀራልና። ስለዚህ ሕመምተኛው «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ቢተው ቫይረሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበዛል። አንድ ቀን እየወሰደ አንድ ቀን ቢተው ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይላመደዋል፤ ከዚያም በኋላ ያው መድኃኒት አይረዳውም።

በየቀኑ በሰዓቱ የሚወስድ ሰው ግን ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ በደሙ ውስጥ ይቀንስለታል። እንዲህ ሆኖ የሚጸና ሰው በሩካቤ ቫይረሱን ወደ ትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ያለ ሕክምና ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 በሚደርሱት ላይ ቫይረሱ ከእናታቸው ይተላለፋል፤ እናቲቱ በሚገባ ስትታከም ግን ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ስለዚህ የአንድ ሰው ጽናት የቤተ ሰቡ ሁሉ ጤና ነው።

መድኃኒቱ በሀገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍያ ይሰጣል። እንግዲህ ያለ ዋጋ የሚገኘውን ሕይወት ሰው ስለ ምን ይተወዋል? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዋና ዋናዎቹ ግን ሦስት ናቸው።

1ኛ፤ ኀፍረት ነው። በሽታውን የሰወረ ሰው መድኃኒቱንም ይሰውራል። እንግዳ ሲመጣበት ሰዓቱ ያልፈዋል፤ እንዳይታወቅበት ከሰፈሩ ርቆ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ የመሳፈሪያ ገንዘብ ያጣ ዕለትም ይቀራል።

2ኛ፤ ስለ ጠበል ያለ የተሳሳተ አሳብ ነው። አንዳንዶች መድኃኒት መውሰድ እምነትን ማጉደል መስሏቸው በጠበል ቦታ መድኃኒታቸውን ጥለው ለሞት ተዳርገዋል። ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ጸሎቱ ተሰምቶለት በዕድሜው 15 ዓመት ተጨመረለት፤ ነገር ግን ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። የተስፋውን ቃል የሰማው ንጉሥ በለሱን አልናቀም። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንና መድኃኒትን ከእግዚአብሔር ዘንድ እንደ ተሰጡ ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ ለምእመናን በግልጥ ተናግረዋል። ደግሞም በምርመራ አልታየም ማለት ፈጽሞ የለም ማለት እንዳይደለ ይታወቅ፤ ሳይታይ የቀረው ስለሚወሰደው መድኃኒት ነውና።

3ኛ፤ ድኽነትና የጾም ጉዳይ ነው። የሚበላው ያጣ ሰው መድኃኒቱ ይከብደዋል። በጾም ወራትም የጧቱን መድኃኒት የሚተው አለ። ፍትሐ ነገሥት ግን ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ለሕሙማን ያዝናል። ሕመምተኛው ከንስሐ አባቱ ጋር ስለ ጾሙ፣ ከሐኪሙም ጋር ስለ ሰዓቱ ይመካከር፤ በራሱ ፈቃድ ግን አያቋርጥ።

የዓለም ጤና ድርጅት የእነዚህን ሕሙማን የኑሮ ደኅንነት ለመመዘን ያዘጋጀው መጠይቅ 6 ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም የአካል ጤና፣ የልቡና ሁኔታ፣ ራስን መቻል፣ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት፣ የመኖሪያ አካባቢና መንፈሳዊ እምነት ናቸው። ከስድስቱ መድኃኒቱ በቀጥታ የሚደርስበት የመጀመሪያው ነው። የቀሩት በአብዛኛው በቤተ ሰብ፣ በጎረቤትና በቤተ ክርስቲያን እጅ ይገኛሉ። እነርሱ ሲጎድሉ መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥም እነርሱ ይብሱን ይጎድላሉ።

ስለዚህ ካህን የንስሐ ልጁን ምሥጢር ይጠብቅ፤ ስለ ጸሎቱ እንደሚጠይቀው ስለ መድኃኒቱም ይጠይቀው፤ «ተወው» የሚል ቃል ግን ከአፉ አይውጣ። ቤተ ሰብም ከሕመምተኛው ጋር በአንድ መሶብ ይብላ፤ በመብላትና በመጠጣት ቫይረሱ አይተላለፍምና። ባለጸጋ የመንገዱን ገንዘብ ይስጠው፤ ጎረቤት ሰዓቱን ያስታውሰው። ሕመምተኛም መድኃኒቱን በእጁ ሲይዝ ሰጪውን እያመሰገነ ይውሰድ። ይህን ለማድረግ የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን። አሜን።