የአያቴን ዓይን ምን ጎዳው?

(ደብረ ማርቆስ፤ በጡረታ ላይ ያሉ የዓይን ነርስ እና አንዲት የጎረቤት ልጅ)

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አያቴ ሰው ሲመጣ አረማመዱን ታያለች፤ ፊቱን መለየት ግን አቃታት። ዘመድ አዝማዱ «ሞራ ነው» ይላል። እሷ ደግሞ «በኩራዝ ስፈትል የኖርሁበት ዕዳ ነው» ትላለች።

አዛውንቱ፦ መፍተል ዓይን አያጠፋም፤ ራሳቸውን አይውቀሱ። ሞራ ቢሆን የሚያዩት ሁሉ ይደበዝዝባቸው ነበር። ዳር ዳሩ እየታያቸው መሐሉ ብቻ ከጠፋ ግን ማኩላቸው መጎዳቱን እጠረጥራለሁ።

ወጣቷ፦ ማኩላ ምንድን ነው?

አዛውንቱ፦ ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበል ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ፤ ማኩላ የእሱ እምብርት ነው። ፊት የምንለየው፣ ዳዊት የምንደግመው በእሱ ነው። ሥራው ብዙ ስለሆነ ቆሻሻውም ብዙ ነው። በወጣትነት ይጠረጋል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ከጠላ ጋን ሥር እንደሚቀር አተላ ከሬቲናው በታች ይጠራቀማል። ሐኪሞች ድሩዘን ይሉታል። ከዚያ ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ ይህ ደረቁ ዓይነት ነው። በእርጥቡ ዓይነት ደግሞ ደካማ የደም ሥሮች ይበቅሉና ደምና ውኃ ያፈስሳሉ። የሚይዘው ጥቂቱን ሕመምተኛ ነው፤ ጉዳቱ ግን ፈጣን ነው።

ወጣቷ፦ ታዲያ ያረጀ ሁሉ ለምን አይታመምም?

አዛውንቱ፦ ዕድሜ ዋናው ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላ አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። ቀጥሎ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች በሽታው ከአንድ የሰውነት መከላከያ ጂን ጋር እንደሚተሳሰር ደርሰውበታል። ሁለቱን መለወጥ አንችልም። በእጃችን ካለው ትልቁ ትምባሆ ነው፤ አጫሽ ከማያጨስ ሰው ከ2 እስከ 4 እጥፍ ይጋለጣል። የደም ግፊት፣ ውፍረትና ቅጠላ ቅጠል የጎደለው ገበታም ይታከሉበታል።

ወጣቷ፦ አያቴ አጭሳ አታውቅም። ወንድሜ ግን ከተማ ገብቶ ለመደ።

አዛውንቱ፦ እሱን አልረሳውም።

ወጣቷ፦ የደጋው ፀሐይና የማጀቱ ጭስስ?

አዛውንቱ፦ በፀሐይ ላይ ጥናቶቹ አልተስማሙም፤ ባርኔጣ ማድረግ ግን አይከፋም። የማጀት ጭስ ይበልጥ የሚታማው በሞራ ነው። ይልቅ የጾም ጎመናችሁን አታጓድሉ፤ ጎመንና ቆስጣ ማኩላ ውስጥ የሚገኘው ሉቲን አላቸው።

ወጣቷ፦ በአገራችን ብዙ ሰው ይይዛል?

አዛውንቱ፦ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ ነበር፤ የማኩላ መጎዳት 4.8 በመቶ። ሁሉን ሞራ የምንለው ለዚህ ነው፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ሞራ «ይብሰል» ተብሎ ቢቆይ እንኳ ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብርሃን ይመለሳል፤ የሞተ ማኩላ ግን አይመለስም።

ወጣቷ፦ ጸበል ልንወስዳት አስበን ነበር።

አዛውንቱ፦ ጸበሉን ይጠመቁ፤ ምርመራው ግን አይዘግይ። አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው የበሩን መቃን ይዩ፤ ከዚያ ሌላውን። ቀጥ ያለው ጎብጦ ከታያቸው እርጥቡ ሊሆን ይችላልና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ቶሎ ከተደረሰበት ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ሊገታ ይችላል። ለወንድምሽም ንገሪው፦ የአያቱ ዘር በእሱም ውስጥ ሊኖር ይችላልና ሲጋራውን ዛሬውኑ ይተው።